በሌሊት የተከፈለች ከተማ፤ ስለ «ቼ በለው» ሸክላ የቀረበ ሐተታ

በአገራችን ስለ ሙዚቃ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ግጥሙ ወይም ስለ ዘፋኙ ኑሮ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ቃል በኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነውና። በልጅነታችን በተረት፣ ስናድግ በቅኔ፣ ስንደሰት በዘፈን፣ ስናዝን በሙሾ የኖርን ሕዝብ ነን። ቃል የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ዜማ በተሰማ ጊዜ ግን «ዘፋኙ መቼ ይጀምራል?» እያልን የምንጠባበቅ ብዙዎች ነን። በዚህ ጽሑፍ ላወሳው ያሰብሁት ሥራ ዘፋኝ የሌለው ነው። ስሙ «ቼ በለው» ይባላል፤ የዋልያስ ባንድ ሙዚቀኞች የሠሩት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 የወጣ ሸክላ ነው።

ስለዚህ ሸክላ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። የማስተምረው በአረርቲ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቼ አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማ ከስልኩ አሰማኝ። ከዚህ ቀደም በራዲዮ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሆኖ ሲያልፍ ሰምቶት ኖሮ ወዶታል፤ የማን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። እኔም የሠሪዎቹን ስምና ዘመኑን ነገርሁት። ዘመኑን በሰማ ጊዜ ዝም አለና «መምህር፣ ያ እኮ የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ እነዚህ ሰዎች እንዴት ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው የምመልስለት ነገር አላገኘሁም። ይህ ሐተታ እንግዲህ የዘገየ መልስ ነው። ሐሳቡን ለመከተል ይቀል ዘንድ የሸክላዎቹንና የውጭውን አገር ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን ታሪክ ግን በራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) አድርጌዋለሁ።

የተከፈለች ከተማ ሙዚቃን እንዴት እንደምትቀርጽ ሲነገር በዓለም ዘንድ በመጀመሪያ የምትጠቀሰው በርሊን ናት። ይህች ከተማ ከነሐሴ 1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግንብ ለሁለት ተከፍላ ነበር። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በ1976 ወደ ምዕራብ በርሊን ሄዶ ተቀመጠ፤ በ1977ም ክረምት «ሂሮስ» የተባለውን ሸክላውን ሐንዛ በሚባል የቀረጻ ቤት ሠራ። ቤቱ ከግንቡ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ ስለ ነበረ ሙዚቀኞቹ በመስኮት ሲመለከቱ የሚታያቸው ግንቡና የምሥራቁ ወታደሮች የሚጠብቁበት ማማ ነበር። የሸክላው ዋና ዘፈን የተጸነሰውም ከዚያው መስኮት ሆነው በግንቡ ሥር የሚተቃቀፉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በታዩ ጊዜ ነው። ከዚህ ይልቅ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ካሉት ቁርጥራጮች አብዛኞቹ ዘፋኝ የሌላቸው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ከነርሱም አንደኛው የውጭ አገር ሠራተኞች በብዛት ይኖሩበት በነበረ የከተማው ክፍል ስም የተሰየመ ነው። ዘፋኙ የከተማይቱን ሐዘን በቃል ሊገልጠው ሲያቅተው አፉን ዘግቶ መሣሪያውን አናገረ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በ1977 በአዲስ አበባም ቃል የሌለው ሸክላ ወጣ። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሥራ ሰምቶ ነበር ማለቴ አይደለም። የቦዊ ሥራ የሮክ ሙዚቃ ሲሆን የዋልያዎቹ ደግሞ ከጃዝና ከአሜሪካ ጥቁሮች የጭፈራ ሙዚቃ የተዳቀለ የአገራችን ዜማ ነው። ዳሩ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ ይኸውም የበርሊን ግንብ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ሲሆን የአዲስ አበባ ግንብ በሰዓት የተሠራ መሆኑ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱና ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከተማይቱ በሰዓት እላፊ ሥር ወደቀች። የሰዓት እላፊ ማለት በየማታው የሚቆም፣ በየንጋቱም የሚፈርስ ግንብ ነው። ቀን የሁሉም የሆነው መንገድ ሌሊት የታጣቂው ብቻ ይሆናል። በበርሊን ግንቡ ምሥራቅን ከምዕራብ ለየ፤ በአዲስ አበባ ግን አንዱን ቤት ከጎረቤቱ፣ አንዱን ሰፈር ከሌላው፣ ቤቱ የደረሰውን ካልደረሰው ለየ። በርሊናዊው ግንቡ የት እንዳለ ያውቃል፤ አዲስ አበቤው ግን ሰዓቱን ካላየ በየትኛው ወገን እንደ ቆመ አያውቅም ነበር።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርጉ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። በመጋቢትና በሚያዝያ በከተማይቱ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ፣ ማለት ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ቦታ፣ ሊቀ መንበሩ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰባበሩ በጠላቶቻቸው ላይ ዛቱ። ሚያዝያ 21 ቀን፣ የሠራተኞች በዓል ሊደርስ ሲል፣ ብዙ ወጣቶች ተገደሉ። ከዚያም በኋላ አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ የሚያድርበት ጊዜ መጣ። ሌሊቱን የተፈጸመውን ነገር ሰው የሚያውቀው ንጋት ላይ ከቤቱ ሲወጣ ነበር።

አሁን አንባቢ የከተማይቱን ካርታ በዐይነ ኅሊናው ይመልከትልኝ። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት በሚወስደው በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ላይ፣ ከሁለቱ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የሒልተን ሆቴል ይገኛል። ከላይ ደርጉ ይመክርበት የነበረው ግቢ ነው፤ ከታች ጠርሙሱ የተሰበረበት አደባባይ ነው። ዋልያስ ባንድ ዐሥር ዓመት ያህል የሆቴሉ ሙዚቀኞች ሆነው የሠሩት በዚህ መካከል ነበር። የሐንዛ ሙዚቀኞች ግንቡን በመስኮት ያዩ ነበር ብለናል። የአዲስ አበባዎቹ ግን በግንቡ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

የባንዱ መሪ የኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እርሳቸውም በዚሁ በሸዋችን፣ በደብረ ብርሃን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ የተማሩት አኮርዲዮን ነበር። ከርሳቸው ጋር ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው አቶ ግርማ በየነ፣ በሳክስፎን አቶ ሞገስ ሀብቴ፣ በትራምፔት አቶ ዮሐንስ ተኮላ፣ በጊታር አቶ ማህሙድ አማን፣ በቤዝ አቶ መላከ ገብሬ፣ በከበሮ አቶ ተማረ ሐረጉ ነበሩ። በ«ቼ በለው» ሸክላ ላይም የኢትዮ ጃዝ መሥራች የሆኑት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጨምረዋል። ሸክላውን ያሳተመው የአቶ ዓሊ አብደላ «ካይፋ ሪከርድስ» ነው። የሙዚቀኞቹን ስም አንድ በአንድ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘፋኝን ስም ሁሉ ሰው ሲያውቅ ከኋላው የቆመውን የሚያስታውስ ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ስለ ባንዱ አቋም ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ቀደም ዘመናዊ ሙዚቃ በአገራችን በአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትሮች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና የአገር ፍቅር ማኅበር የያዙት ነበር። ኋላም የምሽት ቤቶች ሲበዙ መሣሪያው የቤቱ ባለቤት፣ ሙዚቀኛውም የርሱ ቅጥር ሆነ። ዋልያዎቹ ግን መሣሪያቸውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው ከሆቴል ጋር እንደ አንድ ማኅበር ሆነው የሚዋዋሉ ነበሩ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ በተወረሰበት፣ ሁሉም ነገር በቀበሌና በማኅበር በሚጠቃለልበት ዘመን፣ ስምንት የማይሞሉ ሰዎች የራሳቸውን ኦርጋንና ከበሮ ይዘው የራሳቸውን ዜማ መምረጣቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሰዓት እላፊው በሙዚቃው ላይ ያደረገውን እንመልከት። በምሽት ቤት የተገኘ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ ድረስ መውጣት አይችልም። ሰሚው ከሙዚቀኛው ጋር ታስሮ ያድራል። የሁለት ሰዓት ሥራ የአንድ ሌሊት ሥራ ይሆናል። ዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ መዝፈን አይችልም፤ ጉሮሮ የሥጋ ነገር ነውና ይደክማል። መሣሪያ ግን አይደክምም። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ፣ አንድ ዜማ እየተመላለሰና እየተለዋወጠ ረጅሙን ሌሊት ይዘልቃል። በ«ቼ በለው» ውስጥ የሚሰማው ልበ ሰፊነት፣ ማለት ከበሮውና ቤዙ ሳይቸኩሉ መደጋገማቸው፣ ኦርጋኑም ቤቱ የራሱ እንደ ሆነ ሰው ተዝናንቶ መግባትና መውጣቱ፣ ከዚህ ልማድ የመጣ ይመስለኛል። ለመሄድ የማይቸኩል ሙዚቃ ነው፤ የሚሄድበት ስፍራ አልነበረውምና።

ነገር ግን በዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ጭቆና ባይኖር ይህ ሥራ ባልተወለደ ነበር» የሚሉ ተቺዎች በበርሊንም በአዲስ አበባም ጉዳይ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዋልያዎቹ «ትዝታ» የተባለውን፣ እንዲሁ በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን ካሴት ያወጡት ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የመሣሪያ ሙዚቃን ያለመዱት በሆቴል ራት ሰዓት ላይ እንግዳ ሳይረበሽ የሚሰማው ለስላሳ ዜማ ለመጫወት ሲሉ ነው። እንግዲህ ጥበቡን የወለደው ሥራ ነው፤ ትጋት ነው። ሰዓት እላፊው ያደረገው ጥበቡ የሚሰማበትን ቤትና ሰሚውን መወሰን ብቻ ነው። ግንብ ዜማ አይደርስም። የዜማውን መንገድ ግን ይለውጣል።

ወደ ሸክላው ይዘት ስንገባ በመጀመሪያ የምናገኘው ርእሱን ነው። «ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ቃል ነው። በምንጃር ሜዳ ላደገ ሰው ይህ ቃል ትርጓሜ አያሻውም፤ ገና ሲሰማው አቧራውና ኮቴው ይታየዋል። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ሰዓት በሚቆጥርበት ከተማ ውስጥ የተሠራ ሙዚቃ ፈረስን በሚያስጋልብ ቃል መጠራቱን ልብ ይሏል። ሠሪዎቹ ይህን አስበው አድርገውታል አልልም። ሰሚው ግን ማሰቡ አይቀርም።

ከቁርጥራጮቹ መካከል እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» ያሉት ሕዝብ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ዜማዎች ናቸው። እዚህ ላይ የሸክላውን ዋና ምስጢር እናገኛለን። የሚታወቅ ዘፈን ግጥሙ ሲነሣለት ሰሚው ግጥሙን በልቡ ያወጣዋል። ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ፣ በዘፋኙ አኳኋን እየተንቀጠቀጠና እየተሳበ፣ ዜማውን ብቻ ያቀርባል፤ ቃሉን የሚሞላው አድማጩ ነው። ሦስት ሰዎች አብረው ተቀምጠው ቢሰሙት ሦስቱም የየራሳቸውን ስንኝ በዝምታ ያስገባሉ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ሰሙን ሰምተን ወርቁን መፈለግ ለምደናል። እነዚህ ሙዚቀኞች ግን ሰሙንም ጭምር ወሰዱትና ወርቁን በሰሚው ልብ ብቻ አስቀሩት። ቃል ወደ ወኅኒ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሞት በሚያደርስበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ የልቡን በልቡ በሚናገርበት ጊዜ፣ የከተማይቱን እውነተኛ ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ አሠራር አላውቅም።

«ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ግን ከዚህ ይለያል። ይህ ከጥንቱ ለመሣሪያ የተደረሰ ስለ ሆነ ሰሚው ከልቡ የሚያወጣለት ግጥም የለም። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ነፋስ መሣሪያዎቹ በአንድነት ሆነው ዜማውን ያስገባሉ፤ ዜማው የአገራችን ነው፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችን ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል። አካሄዱ ግን በባሕር ማዶ የተለመደው የጭፈራ ምት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ድብልቅ ሲሠራ አንዱ ሌላውን ሲውጠው እናያለን፤ ወይ የውጭው ምት የኛን ዜማ ያደኸየዋል፣ ወይ የኛ ዜማ በውጭው ልብስ አስቂኝ ይሆናል። እዚህ ግን ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ እኩል ይስባሉ። ይህ ድርሰት በኋላ ዘመን በብዙ የውጭ አገር ባንዶች ደጋግሞ መጫወቱ ስለዚሁ ነው፤ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን አገሩ የማይጠፋ ሥራ ነውና።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በሸክላው ላይ «እቲ ጓል ብሌናይ» የተባለ የትግርኛ ዜማ አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጦርነቱ በርትቶ ነበር፤ በሐምሌም በምሥራቅ የሶማሊያ ጦር ወረራውን ጀመረ። የቋንቋ ስም ራሱ ወገን መለያ እየሆነ በሚሄድበት ጊዜ የትግርኛው ዜማ ከአማርኛዎቹ ዜማዎች ጎን ያለ ምንም ማስታወቂያና ማብራሪያ ተቀምጧል። ቃል ስለሌለው ማንም በቋንቋው ምክንያት ጆሮውን ሊዘጋበት አይችልም። ከተማይቱን የከፈለው አንድ ግንብ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሸክላ ቢያንስ አንዱን ሳይናገር ተሻግሮታል።

ሐተታ ምስጋና ብቻ መሆን ስለማይገባው ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ሸክላው ከዳር እስከ ዳር እኩል አይደለም። አንዳንዱ ቁርጥራጭ ከራት ጠረጴዛ ያልራቀ ነው፤ ጣፋጭነቱ ስለሚበዛ ሰሚውን አያነቃውም፤ ኦርጋኑ ዜማውን አስጊጦ ከማቅረብ አልፎ ሲመረምረው የማይሰማባቸው ቦታዎች አሉ። የቫይብራፎኑም ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በበርሊን የተሠራው ሸክላ የሚያስፈራውን ነገር ፊት ለፊት ሲመለከት የኛው ሸክላ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ይህ የሙዚቀኞቹ ድክመት ነው ወይስ የኑሮአቸው ግዴታ ነው? ምዕራብ በርሊን የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሲሰለቸው ሻንጣውን ይዞ መሄድ ይችል ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ግን በማግስቱም እዚያው ናቸው። ይህን ልዩነት ሳይመዝኑ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም።

የሆነ ሆኖ የተማሪዬ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ጥያቄውን በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ ተማሪ ለነበሩ አንድ ጎረቤቴ አቀረብሁላቸው። ዜማውንም አሰማኋቸው። እስኪያልቅ ሰምተው «ልጄ፣ እኛ ያን ሆቴል በበሩም አላለፍን» አሉኝ። «እኔ የተከራየሁት ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፤ ከመሸ በኋላ በጨርቅ እንሸፍነዋለን። የምንሰማው ውሻና መኪና ነው። መኪናው ከደጃችን የቆመ እንደ ሆነ እስኪሄድ ድረስ ትንፋሻችንን እንይዛለን።» ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በዚያን ጊዜ ሌሎቹ እየጨፈሩ ያድሩ ነበር ብትለኝ እናደዳለሁ» አሉ። እኔም «ታዲያ ጋሼ፣ ዜማውን ይጠሉታል ማለት ነው?» አልኋቸው። «የለም» አሉ። «በራዲዮ እንሰማው ነበር። አሁን ስሰማው የሚመጣብኝ መኪናው አይደለም። ክፍሏን አብረውኝ የተከራዩት ሁለቱ ልጆች ናቸው።» ስለ ሁለቱ ልጆች ሌላ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኒህ ሰው የነገሩኝ ሁለቱም ነገር እውነት ነው። የሆቴሉ አዳራሽና በጨርቅ የተሸፈነው መስኮት በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ሌሊት ነበሩ፤ በመካከላቸውም ግንቡ ቆሞ ነበር። ዲፕሎማቱና የውጭ እንግዳው በብርሃን ሲያድሩ ተማሪው በጨለማ ያድር ነበር። ይህን የሚሸፍን የሙዚቃ ታሪክ የተሟላ ታሪክ አይደለም። «ወርቃማው ዘመን» እያሉ የዚያን ጊዜ ሙዚቃ የሚያወድሱ ሰዎች የማን ሌሊት ወርቃማ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ዜማው በአዳራሹ ውስጥ ታስሮ አልቀረም። ሙዚቀኛው በሌሊት የማይሻገረውን መንገድ ሸክላው በቀን ተሻገረው፤ ከራዲዮ ጣቢያ ወጥቶ ኪራይ ቤት ገባ። ቃል ቢኖረው ኖሮ የቃሉ ጌታ ይጠየቅበት ነበር፤ የሆቴሉን እንግዳ የሚያስደስት ቃል ለተማሪው ላይሆን ይችል ነበር። ቃል ስላልነበረው ለሁለቱም ሆነ። አንዱ ጨፈረበት፤ ሌላው ጓደኞቹን አኖረበት።

እንግዲህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሙዚቀኞቹ የተጫወቱት ሞትን ስላላዩ አይደለም፤ ሥራቸው ስለ ሆነና ሌሊቱ በሌላ መንገድ ስለማይነጋ ነው። ጀግኖች ናቸው ብዬ አላስተምርህም፤ ግድየለሾች ነበሩ ብዬም አላስተምርህም። ሥራቸውን በጥንቃቄ የሠሩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ጥቂት ስለ ነበረ ዋጋው ከፍ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአገራችን ሸክላ መታተሙ ቆሞ ካሴት ተተካ። ዋልያዎቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ተመለሱ፣ ሌሎቹም እዚያው ቀሩ። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ሙዚቃ ተማሩ፤ በ1985ም አኮርዲዮናቸውን ከአዳዲስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያም ለብዙ ዓመት የታክሲ ሾፌር ሆነው ኖሩ፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዱ ነበር። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አወጣው፤ በ2014ም «ቼ በለው» ራሱ በአሜሪካ እንደ ገና ታተመ። የደብረ ብርሃኑ ተወላጅ በዚህ ምክንያት ከታክሲው ወርደው ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ና በ2020 አዳዲስ ሥራዎችን አወጡ። አቶ ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሸክላ ሠርተዋል።

ይህ ታሪክ ያስደስታል፤ ነገር ግን ያሳፍራልም። ካሴቱ የነበረው በባሕር ዳር ገበያ፣ በመካከላችን ነው። ዋጋውን ያወቀው ግን ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ ሆነ። እኛ ዜማውን በራዲዮ የዝግጅት መሸጋገሪያ አድርገን ዐርባ ዓመት ስናሰማው የሠሪዎቹን ስም አንድ ቀን ለመጥራት አልተጨነቅንም። የበርሊን ሰዎች ሐንዛን የሚያህል ቤት ለጎብኚ ያሳያሉ፤ ግንቡ በ1989 ከተከፈተ በኋላ የተረፈውን ስባሪ እንኳ ጠብቀው አቆይተዋል። የሰዓት እላፊ ግንብ ግን ሲፈርስ ስባሪ አይተውም። የሚመሰክርለት ሰውና ዜማ ብቻ ነው። ሰውየው ያልፋል፤ ሸክላውም ይጫራል።

ስለዚህ ለመምህራን ባልደረቦቼና በባህል ሥራ ላይ ላሉ ባለሥልጣኖች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩ ሸክላዎችና ካሴቶች በየወረዳው ይሰብሰቡ፤ በየአንዳንዱም ላይ የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የከበሮ መቺው፣ የቤዝ ተጫዋቹና የአቀናባሪው ስም ይጻፍ፤ ሙዚቃዎቹ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው አዳራሽ እንደ ተሠሩ በሕይወት ካሉት ሰዎች ይጠየቅ። ተማሪዎችም የዚያን ዘመን ታሪክ ሲማሩ ዐዋጁንና የሞተውን ሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዚያን ጊዜ ሰው በሌሊት ምን ይሰማ እንደ ነበረ ይማሩ። በኔ ክፍል ጀምሬዋለሁ። ጎረቤቴም አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ለልጆቹ እንዲናገሩ ለምኛቸዋለሁ፤ «ዜማውን መጀመሪያ አሰማልኝ፤ ከዚያ በኋላ የምችለውን እናገራለሁ» ብለውኛል።